ትሬንካሮው

ካልሜት ከተማ በረዶው ከመስኮት እኩል ሲሆን፣
ታምሲን ትሬንካሮው ታወጣለች የአባቷን ሣጥን።
ሰማንያ አንድ ዓመቷ ነው፤ ባል የለ፣ ልጅ የለ፤
ስሙም እዚሁ ያበቃል፣ ሌላ ተሸካሚ ከሌለ።
በስልክ ደብተር ፈልጋለች፣ ከሚቺጋን እስከ ሞንታና፤
አንድም የለም። አንድም። ገለጠችው እንደገና።

ስሙ ቀዬ ነበር፣ ሰው ከመሆኑ በፊት፤
በኮርንዎል፣ ባሕር በሚነክሰው መሬት።
«ትሬ» ማለት መንደር፣ «ካሮው» ማለት አጋዘን፤
ሁለት ጎጆ፣ አንድ የድንጋይ ካብ፣ አንድ ጉድጓድ የቆርቆሮ ማዕድን።
ቋንቋው ከአፍ ጠፋ፤ ቃሉ ግን በሰው ጫንቃ ላይ ቀረ፤
የሟች ካፖርት ይመስል፣ ማን እንደሰፋው ሳይታወቅ ተለብሶ ኖረ።

ስምን መልአክ ያወጣዋል ይላል የኛ ሰው፤
እዚህ ግን ያወጣው የመዳቡ ጉድጓድ ጸሐፊ ነው።
ዓይኗ ደክሟል፤ እኔ ነኝ ገጹን የገለጥኩላት፣
በቤተ መዛግብቱ ምድር ቤት፣ ማሞቂያው በሚያንኳኳበት።

ሁለት ወንድማማች፤ ሐምሌ፣ አንድ ሺህ ስምንት መቶ ሰባ አንድ።

ጄጎ ከፊት ቆመ፤ ስሙን ፊደል በፊደል አስጻፈ።
ዲጎሪን ሳል ያዘው፤ የስሙ ግማሽ ከጉሮሮው አላለፈ።
ጸሐፊው የሰማውን ጻፈ፦ ክሮው። ቁራ።
በፊርማው ቦታ መስቀል። ከዚያ ወደ ጉድጓድ፣ ወደ ሥራ።
አጋዘን ሆኖ ተሰለፈ፣ ቁራ ሆኖ ወረደ፤
ቁራ ወለደ፣ ቁራውም ቁራ ወለደ።

«ክሮው?» አለች ታምሲን። «የጋራዡ? ዊልበርት ክሮው?»
አርባ ዓመት ሙሉ የተጣላችው፣
የበረዶ መጥረጊያ መኪናው አጥሯን ስለሰበረው!
ስንት የክስ ደብዳቤ ጻፈች፣ ስንቴ ሰላምታ ነፈገች፤
አሁን መዝገቡን ዘግታ፣ ካፖርቷን ቆልፋ፣ ጋራዡ ሄደች።

ዊልበርት ከመኪና ሥር ነው፤ እግሩ ብቻ ይታያል።
ለእግሩ ነገረችው። መቶ ሃምሳ ዓመት ለጫማ ሲተረክ ያስቃል።
እየተንፏቀቀ ወጣ፤ እጁን በጨርቅ እየጠረገ፣
«እና ስሜን ልለውጥ?» አለ፤ መልሷን ግን አልፈለገ።
«ቁራ ክፉ ወፍ አይደለም፤ ክረምቱን እዚሁ ይከርማል፤
አጋዘንን ግን በኅዳር ሰው ሁሉ ያድነዋል።»

በማግስቱ ደጃፏ ተጠርጓል፣ ከደረጃው እስከ አጥሩ፤
ፖስታ ሣጥኗ ውስጥ ደረሰኝ፤ ባዶ ነው ቁጥሩ።
«ለወይዘሪት ትሬንካሩል» ይላል፤ አጣሞ ነው የጻፈው።
ልታርመው እርሳስ አነሳች፤ እጇን አየር ላይ ያዘችው፤
ከዚያ እርሳሱ ተመለሰ፤ ስህተቱ እንዳለ ቀረ፤
ደረሰኙ ታጥፎ፣ በአባቷ ሣጥን አደረ።