መደብ

ዓርብ ነው፣ ኤን ከረም። ፀሐይ ወደ ማታ።
ኖጋ ሄዳለች፣ ነጭ ካባዋን ኩላብ ላይ ትታ።
ሰንበት ሊገባ ነው፤ ኮሪደሩ ጭር፣
ከማሞቂያው በቀር ማንም አይናገር።

ሠላሳ ሰባት ላይ ቆሟል መለኪያው፣
የሕፃን አንጀት ሙቀት፣ የእናት ጭን፣ ያው።
ባክቴሪያው ተኝቶ፣ ይህን ሙቀት ጠብቆ
መርፌ ያበቅላል፣ ሆደ ባዶ ሸምበቆ።

እንግዳ በፊተኛው ቀን ወርቅ ነው፣ በማግስቱ ብር፤
ይህኛው ግን «ቤቶች!» አይልም፣ ቆሞ ከአጥር።
የሚሰቀልበትን ኩላብ ይዞ ነው የመጣው፣
በመርፌው አሾልኮ ከሰው ግድግዳ መታው፤
ራሱን ሰቀለበት፣ እንደ ጋቢ፣ እንደ ሻንጣ፣
ባለቤት አልሰማም፣ ማንም አልተቆጣ።

ጭራሽ ሕዋሱ፣ ምስኪን፣ የገዛ ማገሩን፣
ቅርጹን የያዘለትን ቀጭን ወጋግራውን፣
እየነቀለ ከእንግዳው እግር ሥር ይከምራል፣
መደብ ይሠራለታል፣ ከፍ ያደርገዋል።
አረንጓዴ ነክሬው ያበራል በጨለማው።
ውብ ነው፣ ምን ልበል፤ ውበቱ አሳፈረኝ፣
ሁለተኛ ፎቅ የተኛው ልጅ ትዝ አለኝ።

ቁጥር አርባ አንድ የተቀዳው ከእሱ ነው።
ጠዋት ከአባቱ ጋር ሊፍት ውስጥ ተገናኘን፤
«ቢያድግልኝ እባላለሁ» ሲለኝ
ስሙ ይሁን ጸሎቱ ግራ ገባኝ።
«ያለ እንባ ነው የሚያለቅሰው» አለ። «ምን አየሽ?» ሊፍቱ ሳይደርስ።
የተማርኩት በዕብራይስጥ ነው፤ ቃል አጣሁ ልመልስ።
«መደብ አሠርቶ ተቀምጧል» አልኩት።
ዝም አለ። አንድ ፎቅ አለፈ።
«በማን ጭቃ?»
«በልጅህ።»

ሌላው ሳህን ላይ አንድ ዘረ-መል ቆርጠንበታል፣
ያው ዘር ነው፣ ያው ነገድ፣ መርፌው ግን ጠፍቶበታል።
ሳጥበው ታጥቦ ሄደ። ሕዋሱ ደህና፣
ማገሩ በቦታው። ይህ ግን ሳህን ነውና
ለቢያድግልኝ አልነግረውም።

ሦስት ሰዓት ሞላ። ቁጥሩን መዝገብ ላይ አሰፈርኩ።
ካባዬን ልሰቅል ስል ኩላቡ ጋ ቆምኩ፦
እዚህ ግድግዳ ላይ መጀመሪያ ማን መታው?
ስንቶቻችን ተሰቀልንበት፣ ማን እንደመታው ሳናውቅ?

የሰንበቱ ሊፍት ቁልፍ ሳይጫኑት ይወርዳል፣
በየፎቁ ቆሞ፣ ሳያንኳኩ ይከፈታል።
አራት። ሦስት። ሁለት።
ሲያለቅስ ሰማሁት፣ ድምፁ ከትናንት ይልቅ ወፍሯል።
እንባ ይኑረው አይኑረው
ከበሩ ላይ አይታይም።
በሩ ተዘጋ።