እስከ ሁለት መቶ

ግዛው ዳገት ሲያይ፣ እንደ በቅሎ ይለግማል፤
ጉሙ ውስጥ ሳላየው፣ ትንፋሹ ይሰማል።
«ጥላዬ» ይለኛል፤ ስሜ ነው ሥራዬ፣
ነፋሱ ለእኔ ነው፣ ለእሱ ግን ኋላዬ።

አሰልጣኙ በሬድዮ፦
«ተራራ ወዳዶችን፣ ተዋቸው ይብረሩ፤
ከዋሻው ማዶ ነው፣ የዕለቱ ቁም ነገሩ።»

ጣርማ በር ላይ ዋሻው ዋጠን።
ጨለማ። የውሃ ጠብታ። የጎማ ፉጨት።
ማን ከማን ኋላ እንዳለ፣ በትንፋሽ የሚለዩበት፤
ግዛው ጎማዬን ሳይነካ፣ በጣት ስፋት ርቀት።

ጉዶ በረት ላይ ነፋሱ፣ ከጎን መጣ እንደ አበዳሪ፤
ስድስታችን በሰያፍ ተሰደርን፤ መንገዱ ሞላ፤
ጠርዝ ላይ የተንጠለጠለ፣ ሆነ የራሱ ነፋስ ሰባሪ።
በራሪው ልጅ፣ ከተማው ሳይታይ ተያዘ፤
ስናልፈው ዞር አላልኩም፣ ጭኔ እሳት እንደያዘ።

ሦስት ኪሎ ሜትር፤ ወንድይፍራው አለቀ።
ሁለት፤ ኅሩይ አለቀ።
አንድ፤ ቀሪው እኔ ነኝ።

ደብረ ብርሃን። ብርድ ልብስ የደረበ ሕዝብ ካጥሩ ባሻገር ይጮሃል።
ጎንበስ አልኩ፤ የማየው አስፋልትና የገዛ ጉልበቴን፤
አራት መቶ፣ ሦስት መቶ፣ አፈሰስኩት ሐሞቴን።

ሁለት መቶ።

ወደ ግራ ጠጋ አልኩ፤ በቀኜ ሽው ብሎ ወጣ።
የኔ ቀን እዚያ አበቃ፤
ድሉን የሰማሁት በጆሮዬ ነው፣ ከሕዝቡ ጩኸት ሲመጣ።

ሠላሳ አንደኛ ገባሁ። መሪው ላይ ተደፍቼ ስተነፍስ፣
«ጥላዬ!» እያለ መጣ፣ ላቡን ሳይጠርግ፣ ሳይታገስ።
ስሜን ጠርቶ ይሁን ሥራዬን፣ አልጠየቅሁም።
ነገ ወደ ሸኖ ነው። ነፋሱ አያልቅም።