ቀይ ቀለም ለማይረባ ዛፍ

ጥላዬ አስተርጓሚ ነው፤ ዉሃን ተምሮ የመጣ፣
ቀን ለመንገድ ተቋራጩ ቃል ሲያወርድ ሲያወጣ፣
ማታ ይጠብቀኛል እሪ በከንቱ ጫፍ፣
ወንዙ ከሚሸትበት፣ ከድልድዩ አፋፍ።
እኔ ቀያሽ ነኝ፤ ጥፍሬ ሥር ቀይ ቀለም የደረቀ፣
ቁጥር የጻፍኩበት ግንብ በሳልስቱ የወደቀ።

አንድ ቢራ ለሁለት። ዝናብ። እሱ ያወራል፦

«በዚያ አገር፣ ድሮ፣ ስለ መንገድ ያስተማሩ ሽማግሎች ነበሩ።»
«የእኔ ዓይነት ባለሙያ?» አልኩ።
«የአንተ በገመድ ይለካል፤ የእነሱ ሲለኩት ይጠፋል።
እንደ ውኃ ዝቅ በሉ፣ አትግፉ፣ አትፍጠኑ፤
ከሁሉ በላይ ደግሞ ዝም በሉ፣ ብለው መከሩ።

«ከዚያ ገጣሚ የሚባል መጣ። ያባቱን ካፖርት አንስቶ፣
ትከሻውን በልኩ አስጠብቦ፣ ኪሱን ግን አስፍቶ
የሚለብስ ልጅ አይተሃል? ትምህርቱን እንደዚያ አደረጉት።
ዝም በሉ ቢሏቸው፣ ዝምታን ራሱን በግጥም ጮኹበት።
ሹመት ይቅርባችሁ ቢሏቸው፣ ተሽረው ሲያበቁ
‹እኛው ነን የተውነው› እያሉ ጎመን ኮተኮቱ፣ ሳቁ።
የማይሞቱበትን መድኃኒት ፈልጉ ቢባሉ መጠጥ ቀዱ፤
ማለዳ፣ ከነራስ ምታታቸው፣ ጨረቃን ሊከሱ ሄዱ።
አንዱ ደግሞ፣ እንዳንተ የመንግሥት ሠራተኛ፣ ባለ አምስት ልጅ፣
ተራራ ወጥቶ መመነን ቢያምረው፣ ደመወዙ ቢይዘው፣
ተራራውን በሁለት ስንኝ ጠቅልሎ ከመዝገቡ ሥር ሸሸገው።»

ቢራው አለቀ። ጥላዬ አላለቀም።

«ደግሞ አንድ ዛፍ አለ፤ ጠማማ፣ ጉጡ የበዛ፣
ለምሰሶ የማይሆን፣ አናጢ በነጻ የማይገዛ።
ስላልረባ ተረፈ፣ አሉ ሽማግሎቹ፤ እናንተም አትርቡ።
ገጣሚዎቹ ሄደው ሥሩ ተቀመጡ፤ ማሰሮ አቀረቡ።
‹ይህ ዛፍ ፈተና የወደቅሁት እኔ ነኝ› አለ አንዱ።
ለማይረባው ሥራ ሰጡት።»

ዝም አልኩ። ወጉ ይዞኝ አይደለም።
ጠዋት፣ ከደጃች ውቤ ወረድ ብሎ፣ በወይዘሮ ትርንጎ ግቢ፣
አንድ ቁንዶ በርበሬ አየሁ፤ ወደ ቆርቆሮው የተጋደመ፣
ለማገዶ ቢሉት ጭሱ ዓይን የሚልጥ፣ ለሣንቃ ቢሉት የጠመመ፤
ማንም ሳይፈልገው የኖረ፣ በማንም ምሳር ያልተነካ።
ቁጥር ጻፍኩበት፣ መቶ አሥራ አራት፤ መሐል መስመር ላይ ነው ለካ።

«ሽማግሎችህ አናጢን ነው የፈሩት» አልኩት፤ «ቀያሽ አላዩም።
ቀጥ ያለ መንገድ ዛፉን ‹ምን ትረባለህ› ብሎ አይጠይቅም።»

ድልድዩ ላይ ሚኒባስ ጮኸ። ጥላዬ ባዶ ጠርሙሱን አሽከረከረ።
«እንግዲያ አንተም ለውጠዋ» አለ።
«እነሱስ ሌላ ምን ሠሩ?
አንድ ዛፍ በወደቀ ቁጥር
ትምህርቱን በአንድ ስንኝ እየጠገኑ እኮ ነው የኖሩ።»

በማግስቱ መጋዙ መጣ።
የካሳ ቅጹን ዘረጋሁ፦
ባለ ፍሬ ዛፍ፣ ይህን ያህል፤
ባህር ዛፍ፣ ይህን ያህል፤
ሌላ፣ ሰረዝ።
ወይዘሮ ትርንጎ አላለቀሱም። ቅጹን ከላይ እስከ ታች አዩና
«ጥላዬስ?» አሉ።

ጥላዬ ከመሐንዲሱ ጎን ዞረ፤ የተጠራ መስሎት።
መሐንዲሱ ምን እንደተባለ ጠየቀው።
ሰባት ዓመት የተማረ ሰው ቃል ጠፋበት።

እኔ «ምርመራ» ከሚለው ዓምድ፣ እስክሪብቶው እየቆረጠብኝ፦
«ቁጥር መቶ አሥራ አራት። ጠማማ። ፍሬ የለውም።
ከዘጠኝ እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ሁለት ወንበር ያስጠልላል።»

ኃላፊው ሳያነብ ማኅተም መታበት።