ቤታ

ከልብስ ማጠቢያው ጎን፣ ከምተኛባት ጥግ፣
ሰባት ወንዶች አሉኝ (ለሰው አይነገር፣ ጉድ የሚያሰኝ ወግ)
በቃሪያ ጠርሙስ ውስጥ፣ ሰባቱም ለየብቻ።
በየመሃሉ ካርቶን፤ ከተያዩማ ዘመቻ፤
ጉንጫቸው ይነፋል፣ ክንፋቸው ይዘረጋል፣
ጣት የማይሞላ ዓሣ ጋሻ ጦር ይፈልጋል።

ጃሲም ነው ያመጣቸው፣ የማዳሜ ልጅ።
ለትምህርት ሲበር፣ ሻንጣው ከደጅ፣
«አደራ፣ ውሃቸውን» ብሎኝ ሄደ፤
ነገሩ በአደራ ገባ፣ ውሎ አድሮ ተወደደ።

ሙሐረቅ ላይ ከየግቢው ቀይ ቅጠል ይረግፋል፣
ለውዝ ይሉታል ዛፉን፤
የኛ ለውዝ ከመሬት ሥር ነው፣ የነሱ ከጣራ ያልፋል።
አንዱን ለቅሜ ጣልኩበት፤ ውሃው ሻይ መሰለ።
ወንዱ ሽታውን አውቆት ወደ ላይ ብቅ አለ፣
አየር ጎረሰ፣ በምራቁ ለወሰ፣ አረፋ ተፋ፤
ሁለት ቀን፣ ሁለት ሌሊት፣ ምግብ እንኳ ሳይሻ ለፋ።

ውጭ አርባ ስድስት ዲግሪ፣ አስፋልቱ ይፈላል፤
ቤት ውስጥ ግን የኤሲው ብርድ ጫጩቱን ይገድላል።
አፉን በሻሼ ወትፌ፣ በላብ ተጠምቄ አደርኩ፤
ለዓሣ ብላ ነደደች ቢሉኝ ምን አፈርኩ።

የሴቷ ጎን ነጭ ሸንተረር ሲያወጣ
ለቀቅኳት ወደ እሱ፤ እየነከሰ መጣ።
ሸሸች፤ ተመለሰች፤ ከአረፋው ሥር ቆመች፤
እንደ ነጠላ ሲጠመጠምባት ደርቃ ጋደም አለች።
ከሆዷ ነጭ ጤፍ ዘነበ፤
አንዷም ከታች ሳትደርስ በአፉ ሰበሰበ፣
ከአረፋው ላይ ደረደረ።

ከዚህ በኋላ እሷ መውጣት አለባት። ሕጉ ነው።
ብትቆይ ይነክሳታል፤ ወይም የገዛ እንቁላሏን ትበላለች።
በሻይ ማጥለያ አወጣኋት፣ ወደ ስምንተኛው ጠርሙስ።
ፊቷን ወደዚያ አዙራ ቆየች፣
ወይም ለኔ መሰለኝ፤
ዓሣ ምን ታስባለች?
ካርቶኑን ከመሃል ጣልኩ።

እሱ ይጠብቃል።
በሁለተኛው ቀን፣ እንደ ሽፋሽፍት የቀጠኑ ልጆች ከአረፋው ተንጠለጠሉ።
ይወድቃሉ፤ ለቅሞ ይሰቅላል።
ይወድቃሉ፤ ለቅሞ ይሰቅላል፣
ሳይበላ፣ ሳያሸልብ።
ኡም ጃሲም አንድ ማታ በሩን ተደግፋ አየችና
«እናትየዋ የታለች?» አለች።
ወደ ስምንተኛው ጠርሙስ ጠቆምኩ።
ዝም አለች። ኤሲው በምን እንደተወተፈም አልጠየቀችኝ።

ይመር ከሐይቅ በድምፅ ይልካል፦
«ዛሬ ጸጉሯን እኔ ሠራኋት፤ ጎንጉኑ ትንሽ ተንጋዷል፤
አልቅሳ ነበር፤ ኋላ ረስታው ወጣች።
የፊት ጥርሷ ወልቋል።»
ያ ጥርስ ሊበቅል ድዷን ሲያሳክካት ነበር እኔ የወጣሁት።
ይመር በታንኳ ቆሮሶ ያጠምዳል፤
ስለነዚህ ብነግረው ሳቀ፦ «ለቅምሻስ ይሆናሉ?»

የእንቁላል አስኳል በመርፌ ጫፍ፣
ጣራ ላይ በባልዲ ያረባሁት የትንኝ ትል፣
በየቀኑ አንድ ብርጭቆ አሮጌ ውሃ፣ አንድ ብርጭቆ አዲስ።
ከሁለት መቶው ስድሳ አደገ።
ቀይሰሪያ ገበያ ሱቅ ያለው ሻጂ አንዱን በግማሽ ዲናር ይወስዳል፤
ቀዩን ሳይከራከር፣ ግራጫውን እያጣጣለ።
ስድስት ቤታ፣ አንድ ቆርቆሮ፤ እንዲህ ነው የምቆጥረው።
ይመር ግድግዳውን ጨርሷል፤ ጣራው ነው የቀረው።

ትናንት ደግሞ እንዲህ አለኝ፦
«ዓሣ የሚገዛኝ ደብተራ ያንቺን ዓሣ ስም ጠየቀኝ፤ ነገርኩት።
በግዕዝ ‹ቤታ› ማለት ‹ቤቷ› ነው አለኝ፣
የሷ ቤት።»
ሳቀ። ከኋላው መዶሻ ይሰማል፣ የልጅ ሩጫም።

መቅረጫውን ተጫንኩ። «ይመር» አልኩ።
ሰከንዱ ይቆጥራል፤ አራት፣ አምስት፣ አሥራ አንድ።
ማጠቢያው ጮኸ፤ ጨርሷል።
ጣቴን አነሳሁ፤ እንዲሁ ተላከ፣
ስሙና የማሽኑ ጩኸት።
እርጥቡን አንሶላ በባልዲ ይዤ
ወደ ጣራ ወጣሁ።