አራት ኢንች

ማንሳቱማ ቀላል ነበር፤ አንድ ቅዳሜ ብቻ።
ክሪክ፣ ሁለት ድጋፍ እንጨት፣ የተዋስኩት መፍቻ፣
ከአክስሉና ከባሌስትራው መሀል የገባ ብረት፤
እና ያቺ አሮጌ ፎርድ፣ የሰማንያ ዘጠኝ ምርት፣
በአራት ኢንች ከፍ አለች። ጎረቤት ወጥቶ አየ።
ብሩክስ ከተማ ያን ቀን፣ ከነእህል ጎተራው፣
ከጉልበቴ በታች ታየ።

ሰኞ ግን መንገድ ወጣሁ።
የአልበርታ ጠጠር መንገድ
ሐሜት አያውቅም፣ ፊት ለፊት ይናገራል፤
በመጋዝ ጥርሱ የሰውን ጥርስ አንድ ባንድ ይቆጥራል።
ባዶው ጭነት ቤት ዘለለ፤ መሪው ከእጄ ሸሸ፤
የእያንዳንዱ ጉድጓድ ወሬ ወገቤ ላይ አመሸ።
ዘርፌ፣ ባለቤቴ፣ በበርጩማ ነው የወጣች፤
ስትወርድ አንድ ቃል አልወጣትም።
ብትሳደብ ይሻለኝ ነበር።

ኢርማን ደግሞ ቅዳሜ ቅዳሜ ገበያ የማደርሳት እኔ ነኝ፤
ዶሮ አርቢ ናት፣ ሰባ ስምንት ዓመቷ፤
ዳሌዋ በብረት ከተተካ ወዲህ መንዳት ተከልክላለች።
ሠላሳ እንቁላል በካርቶን ጉልበቷ ላይ አስቀምጣ፣
ጣሪያው ስር ያለውን እጀታ ይዛ፣ ከንፈሯን ውጣ፣
ደረስን። ካርቶኑን ከፈተች። ሰባቱ ተሰብሯል።
«ሃያ ሦስት ተርፏል» አለች፤
ቀሚሷ ላይ ያለው አስኳል ግን ሌላ ቁጥር ይናገራል።

ማለስለሱ እንግዲህ
ከመጀመሪያው በረዶ እስከ መጨረሻው ጭቃ ፈጀ።

በፊት አየሩ። ምክሩ የኢርማ ነው፣ ዋጋም የለውም፤
በሃምሳ ነፍቼ ነበር፤ የተወጠረ ጎማ ምክር አይሰማም።
ወደ ሠላሳ ሁለት አወረድኩት።
የእኔም ደረት አብሮ ትንሽ ተነፈሰ መሰለኝ።

ከዚያ ባሌስትራው፦ ሰባት ቅጠል፣ አንዱ ባንዱ ላይ የዛገ፤
ሁለቱን አወጣሁ፤ አምስቱ ግራሶ ሲጠጡ
ጉልበታቸው ሸብረክ ማለት ፈለገ።

ጎሚኒዎቹማ እንደ ከረመ ዳቦ
በጣቴ ተፈረፈሩ፤ ብረት ከብረት ቀርቦ
ሲፋጭ ነው የኖረው ለካ፣ መሀል የሚገባ ጠፍቶ።
አዲስ አስገባሁ፣ ትንሽ፣ ጥቁር፣ ለስላሳ፤
ሽማግሌ ማለት ይኼ ነው፦
ግፊቱን የሚበላ፣ ድምፅ የማያነሳ።

ሾክ አብዞርበሩ አጭር ነበር፤ ጌታው ከፍ ሲል እሱ ቀርቶ፣
እንደሚጎተት ልጅ ክንዱ እስከ ጫፉ ተዘርግቶ፣
እንኳን ዝላይ ሊያበርድ፣ መተንፈሻ ቦታ አጥቶ።
ረጅሙን ከካልጋሪ አስመጣሁ፦
አንዱን ጥንድ በጥር ደመወዝ፣ ሌላውን በየካቲት።

ኢርማ በየሳምንቱ ቆጠረች።
ሰባት። አራት። አራት።
ስድስት (አንድ ዳዶ ሳላጠብቅ ወጥቼ)።
ሁለት።
ቀስ በቀስ በእግሩ እስኪሄድ እንቁላሉን ማን ይጠብቃል?
የኢርማ እንቁላል በእኔ ፎርድ፣ በአምስት ቅጠል ይሄዳል።

«የቀረው የባዶነቷ ነው» አለችኝ አንድ ማለዳ፤
«ለጭነት የተሠራ ነገር ሲቀልለው ይራገጣል።»
አራት ከረጢት አሸዋ ከኋላ ጎማ በላይ ጫንኩ።
ዝቅ አለች። ለካሁ፦ ሦስት ኢንች።
አንዱን ለመንገዱ መለስኩለት ማለት ነው።
ቅር አላለኝም።
ትንሽ ብቻ።

ሚያዝያ ላይ፣ በዚያው ጠጠር፣ በዚያው መጋዝ ላይ ስንነዳ
ወሬ ጀምሬ መልስ አጣሁ። ዞር ብዬ አየሁ፤
እጇ ከእጀታው ወርዷል፣ ካርቶኑ ላይ ተዘርግቷል፣
አፏ ትንሽ ተከፍቶ፣ ኢርማን እንቅልፍ ወስዷታል።
ፍጥነቴን ቀነስኩ፤
ገበያው በር ላይ ደርሼም ሞተሩን ወዲያው አላጠፋሁም።

አንድ እንቁላል ተሰብሮ ነበር።
«ይኼኛው የዶሮዋ ጥፋት ነው» አለች፣ ዓይኗን እያሸች።

ዘርፌ ግን እስከ ዛሬ
በርጩማዋን ከወንበሩ ኋላ አላወጣችም።