ፈለግ

ራስ አል ኸይማ ላይ፣ ከተራራው እግር፣
ሐምሌው እንደ ብረት በሚግልበት ምድር፣
ከዩኒቨርሲቲው ግቢ ተነስተን
እስከ ዋዲው ጥግ፣ እስከ መንደሮቹ
ስልሳ ሁለት ኪሎ ሜትር ቦይ ቆፈርን።
ቀን ዶማና አሸዋው የእነ ሺጁ ነው፤
ሌሊት መስታወቱን መቀጠል የእኔ ነው።

በትንሽ ድንኳን ውስጥ፣ መብራት ግንባሬ ላይ፣
አቧራ ጠላቴ ነው፣ ትንፋሼን ሰብስቤ
ከፀጉር የቀጠነ መስታወት እልጣለሁ፣
በአልኮል አጥባለሁ፣ ጫፉን እቆርጣለሁ፣
ሁለቱን ፊት ለፊት አፋጥጬ አቆማለሁ፤
ብልጭ ይላል እሳቱ፤ አንድ አደርጋቸዋለሁ።
«ዜሮ ነጥብ ዜሮ ሁለት» ይለኛል ማሽኑ፤
በመገጣጠሚያው ላይ የጠፋው ብርሃን ነው መመዘኑ።
እኔ ከዚህ ሀገር ስቀጠል የጠፋው
ስንት እንደሆነ ግን ማሽን የለም የሚለካው።

አሥራ ሁለት ክር ነው በአንዱ ቱቦ ያለው።
ሰማያዊው ለቤተ ሙከራው ነው፣
ብርቱካኑ ለትምህርት ቤቱ፣
አረንጓዴው ክሊኒኩ ዘንድ ነው መብቱ፤
ግራጫው ለዓሣ አስጋሪዎች ማኅበር፣
ነጩ መስጊዱን ዞሮ ለሚገኘው ሰፈር፤
ሌላው ለየመንደሩ፣ ካርታው እንዳዘዘው።
አሥራ ሁለተኛው ግን፣ የውሃ ቀለም ያለው፣
ስም አልወጣለትም፤ ካርታው «ትርፍ» ነው የሚለው።

ቱቦው የሚያልፈው በእኛ ካምፕ በር ሥር ነው።
ራሳችን ቀብረነው፣ በላዩ እንተኛለን።
ማታ ማታ ስድስት መቶ ሰው
ከውሃ ታንከሩ ጎን፣ ከአንዲት ግድግዳ ሥር ተኮልኩሎ
ስልኩን ወደ ሰማይ ያነሳል፣ የልጁን ፊት ብሎ።
ፊቷ ይመጣል፣ ይቆማል፣ እንደ ሸክላ ይሰነጠቃል፤
አፏ ዛሬ ይከፈታል፣ ሳቋ ነገ ይደርሳል።

አንድ ማለዳ ሽማግሌው ኸልፋን መጣ።
ቱቦውን በዱላው ጫፍ ነካ ነካ አደረገና
«ውሃው መቼ ነው የሚለቀቀው?» አለኝ።
«ውሃ አይደለም አባቴ፣ ብርሃን ነው» ስለው
ሳቀብኝ፤ «በቦይ የሚሄድ ሁሉ ውሃ ነው።
ይልቅ ንገረኝ፤ ሌሊት ተራው የማነው?»

አርባ ዓመት የፈለጅ ውሃ አካፋይ ነበር፤
ቀን በዱላ ጥላ፣ ማታ በኮከብ ሲቆጥር፤
ይህች ኮከብ ጋራውን ስትነካ ለመበለቷ፣
ያቺ ስትጠልቅ ለጎረቤቷ።
«ፈለጅ» ሲል ጆሮዬ «ፈለግ» ብሎ ሰማ፤
የግዕዙ ወንዝ፣ የእኛ ዱካ፤
ቃሉ ባሕሩን ቀድሞኝ ተሻግሯል ለካ።

ካርታዋን ይዛ ኢንጂነር ሙዛ ደረሰች።
ቀዩን መስመር በጣቱ እየተከተለ፣
«ልጄ፣ ይህ ቦይ በእነዚህ ሰዎች ደጅ ያልፋል፤
ለምን አይጠጡም?» አለ።
«ዕቅዱ ላይ የሉም» አለች፤ ድምጿ ዝግ አለ።

«እኔ ሳካፍል ለቴምሩ ተራ ነበረው፣
ለሽንኩርቱ፣ ለመኖው ተራ ነበረው።
ከፈለጁ አፍ ቆሞ ለተጠማ ግን
ተራ የለበትም፤ ይጠጣል፤ ማንም ይሁን።»

ሙዛ መልስ አልሰጠችም።
ታብሌቷ ላይ አንድ ነገር ጻፈች፤
ምናልባት የእኛን ነገር፣
ምናልባት ሰዓቱን።
መኪናዋ ስትነሳ፣ አቧራው እስኪወርድ
ሳጥኔን ከደንኩ።

የዚያን ሌሊት፣ ሌላው ሁሉ ሲያበቃ፣
የውሃ ቀለም ያለውን ክር አወጣሁ።
ላጥኩት፣ አጠብኩት፤ የሚገጥመው ጫፍ የለም።
በካምፑ በር ባለው ሳጥን ውስጥ
አራት ክንድ ትርፍ ተውኩለት፣
ጠቅልዬ አስተኛሁት።
መለያው ላይ ቁጥር ይጻፍ ነው ሕጉ፤
እኔ፣ እዚህ ማንም በማያነበው ፊደል፣
«ለተጠማ» ብዬ ጻፍኩ።