ከጤና ላይ የወደቀች ቀለበት

ጠዋት የማሽላ ቅጠል እፈጫለሁ፣
ከሰዓት የሰው ሥጋ በሰም እደፍናለሁ፤
ማሽኗ አንድ ናት፣ ለሁለቱም ትሠራለች
መብራት ከቆየላት።
ሲጠፋ፣ ጄኔሬተሩ አስሎ አስሎ እስኪነሳ፣
ጦሳን አያለሁ በመስኮት፤ ጉሙ እስከ ሆጤ ወርዶ
ደሴን እንደ ቁስል በጥጥ ሲጠቀልላት።

ይመርን ያወቅኩት በዘር ነው። ከሐርቡ ማዶ፣ ከቆላው፣
ሦስት ራስ ማሽላ በጋዜጣ ጠቅልሎ
የሐረጎን ዳገት በሚኒባስ ወጥቶ፦
"ይቺ ወተት በጉንጬ ናት፣ ያቺ ማር ጭቄ፤
የሦስተኛዋን ስም አላውቅም፣
አባቴ ሳይነግረኝ ሞተ፣ ረስቶ።"

ፈጨሁ፣ አጠብኩ፣ አሽከረከርኩ፤
ላይሲን የሚሉትን የፕሮቲን ጡብ ለካሁ።
ከሌላው ማሽላ በልጦ ሳገኘው
ብቻዬን ሳቅኩ፤ ሦስት ወር ፈጅቼ ነው የደረስኩበት።
የይመር ቅድመ አያት ግን አንዲት ፍሬ አኝካ
ውጤቱን በስም አስቀመጠችው፦ ወተት በጉንጬ።
እኔ ነኝ ዘግይቼ የመጣሁ፣ በማሽን ሮጬ።

በጥቅምት ተመልሶ መጣ፣ ጋዜጣ ይዞ እንደ በፊቱ።
"ስም ያጣችዋ ተገኘላት?" አልኩት። ዝም አለ።
ፈታሁት። ብልቃጥ ነው።
ፎርማሊን ውስጥ፣ ከማሽላ ፍሬ እምብዛም የማትበልጥ ሥጋ፤
በፕላስተር ላይ፦ ከዲጃ እንድሪስ፣ ሠላሳ ዘጠኝ ዓመት።
ሚስቱ።

እሷ ኮሪደሩ ላይ ተቀምጣለች፤
ነርሷ ያስወለቀቻትን የብር ቀለበት
በሻሿ ጫፍ ቋጥራ፣ ቋጠሮውን ትነካካለች።
"ልመልሳት ብዬ ነበር፣ ላልታብኛለች፤
ጣቴ ነው የከሳ" አለች።

ሰሙን እንደ ቅኔ ተማሪ ገፈፍኩ፣ በስለት፣ ስስ አድርጌ፤
ከሥሩ የጠበቀኝ ግን ወርቅ አይደለም።
የሕዋስ መጽሐፍ ረጅም ነው፣
ቁም ጸሐፊው ሳይተኛ ይገለብጣል፣ ይገለብጣል፤
አንድ ሌሊት ደከመው።
ጤና ብሎ ሊጽፍ
ከጤ እግር ሥር ያለችውን ቀለበት ጣለ፤
ጠና ሆነ።
እርማት የሚያይ ዓይን በዚያ አላለፈም፤
ያንኑ ገጽ ሃያ ጊዜ ደገመው፦
ጠና፣ ጠና፣ ጠና፣
ኅዳጉ እስኪሞላ፣ መስመሩ መስመር እስኪረግጥ።

ይህን ለይመር ላስረዳ ስል አቋረጠኝ፦
"አቀንጭራ ነዋ! አበባው ያምራል፣
ሥሩ የሌላ ሥር ይጠባል፤
ብቻ... ሳያብብ ደርሰንበታል?"
ሰባት ዓመት ስማር እንዲህ ያለ ፈተና አልገጠመኝም።
"ቀለሙን ልየው" አልኩት።

ቀለሙን ጨመርኩ። ሰዓት ቆጠርኩ።
በማይክሮስኮፑ ሥር፣ በእያንዳንዷ ሕዋስ ዙሪያ
ቡናማ ቀለበት፣ ሙሉ፣ ያልተቆረጠ።
የወደቀችው ለካ እዚህ ኖራለች፤
እድገቱን የሚያጣድፈው ፕሮቲን ጠርዙ ላይ ቆሞ፣
ክፉ ነው፣ ግን እጅ የሚገባበት ቀለበት ነው፤
ያንን ጨብጦ የሚይዝ መድኃኒት ተሠርቷል።
አዲስ አበባ ነው፣ ውድ ነው፣ ወረፋ አለው፤
ይህን አውቃለሁ። ሆኖም በውጤቱ ግርጌ
ማንም ሳያዘኝ በእጄ ጻፍኩ፦
መድኃኒት አለ።

ይመር ጣቱን ከፊደል ፊደል እያሻገረ አነበበና
ቀና አለ፦ "አለ? ማን ነው ያለ?"
እውነቱን ነው። ፊደላችን ምልክት የለው፤
ላልቶ ሲነበብ ወሬ ነው፣ የሆነ ሰው ያለው።
"አጥብቀህ አንብበው" አልኩት።

ከዲጃ ሰምታ ይሁን ሳትሰማ እንጃ፣
ከሻሿ ዘርፍ አንዲት ክር መዝዛ
ቀለበቷ ላይ ትጠመጥም ጀመር፣
አንዴ፣ ሁለቴ፣ እየለካች፣ እስክትጠብቅ።

ስም ያጣችዋ ማሽላ ማቀዝቀዣ ውስጥ ናት፣
ቁጥር ሰጥቻታለሁ፣ ስም ግን የእኔ ሥራ አይደለም።
መርፌው ሲያልቅ፣ አፏ ጣዕም ሲለይላት፣
ከዲጃ ትቅመሳት።